ቁስሉ የዳነለት ተማሪ

በአርሲ ደጋ ልጅ ፈረስ ይጋልባል፣ ጋሪ ላይ ይንጠለጠላል፣ ዛፍ ይወጣል። ወድቆ ጭንቅላቱ ሲመታ ቤተሰብ የሚያየው ቁስሉን ነው፤ ሲጠግግ «ድኗል» ይባላል። ትምህርቱ ላይ የሚደርሰው ጉዳት ግን ብዙ ጊዜ የሚገለጠው ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ ልጁን የመከታተሉ ሥራ ከአደጋው ቀን ይጀምራል። ራሱን ከሳተ፣ ደጋግሞ ካስታወከ፣ ካንቀጠቀጠው ወይም ንግግሩ ከተወላገደ በአፋጣኝ ወደ ሆስፒታል ይወሰድ፤ ለአካባቢው አሰላ ሪፈራልና ማስተማሪያ ሆስፒታል አለ። ቀጥሎ ቀኑን፣ ራሱን ስቶ የቆየበትን ጊዜና ሐኪሙ ያለውን ጽፎ አንዱን ቅጂ ለክፍል ኃላፊው መስጠት ነው። ምቱ ቀላል ከሆነ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ቤት ይረፍ፤ ከዚያ በግማሽ ቀን ይጀምር፤ ራስ ምታቱ ከባሰ ሰዓቱ ይቀነስለት። ፈረስና ኳስ ግን ሐኪም እስኪፈቅድ ይቆዩ።

«የልጅ አእምሮ ለጋ ነው፣ ቶሎ ያገግማል» የሚል ይኖራል። በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ተመራማሪዋ ማርጋሬት ኬናርድ በጦጣዎች ላይ ያደረገችው ምርምርም ለዚህ እምነት ድጋፍ ሆኖ ቆይቷል። በኋላ የተደረጉ የሕፃናት ጥናቶች ግን አእምሮን በሰፊው ያናጋ ከባድ ምት በለጋ ዕድሜ ሲደርስ የባሰ ጠባሳ ሊተው እንደሚችል አሳይተዋል። ልጁ የሚያጣው የተማረውን ብቻ ሳይሆን ገና የሚማርበትንም አቅም ነውና። ትኩረትንና ዕቅድን የሚመራው የግንባር በኩል አእምሮ እስከ ሃያዎቹ ዕድሜ አጋማሽ ይበስላል። በ1ኛ ክፍል የተጎዳ ልጅ 3ኛ ክፍል ላይ ደህና እያነበበ፣ 7ኛ ክፍል ላይ ንባቡ ሲረዝምና መምህራኑ ሲበዙ ሊወድቅ ይችላል። ያኔ አደጋውን የሚያስታውስ የለም፤ ስሙ «ሰነፍ» ይሆናል።

ውጤቱ ማሽቆልቆል ከጀመረ መምህሩ ለአንድ ሳምንት የሆነውን ይመዝግብ፦ ምን ረሳ፣ ስንት ሰዓት ላይ ደከመ፣ መቼ ተቆጣ? የሚደክም ልጅ ከባዱን ትምህርት በጠዋት ይውሰድ፤ የሚረሳ ማስታወሻ ይያዝ፤ ሐሳቡ የሚበተን ከመስኮት ርቆ ፊት ይቀመጥ፣ ትእዛዝም አንድ በአንድ ይነገረው፣ መልሶም ይናገረው። ስልሳ ተማሪ ባለበት ክፍል ይህ ይከብዳል ቢባል፣ ወንበር መቀየር ገንዘብም ሰዓትም አይጠይቅም። ለሚደክመው ልጅ ከአሥር ጥያቄ አምስቱን ብቻ መስጠትን «አድልዎ ነው» ለሚሉም መልስ አለ፤ የተቀነሰው ድግግሞሹ እንጂ የሚፈተንበት እውቀት አይደለም። ቤተሰብ ደግሞ በየዓመቱ መስከረም በአደጋው ጊዜ የተጻፈውን ወረቀት ለአዲሱ የክፍል ኃላፊ ይስጥ።