የመጀመሪያው ቃል የት ይገኛል?

በጋሞ አገር ሸንጎ የሚቀመጥበት አደባባይ ዱቡሻ ይባላል። ከአባያ ሐይቅ በላይ በተራራ በተሠራችው በኦቾሎ አንድ ጉዳይ ለሸንጎ ቀረበ እንበል። አንዱ ነገሩን ያነሣል፤ ሌላው ይጨምርበታል፤ ሦስተኛው ያርመዋል፤ በመጨረሻ ሁሉም በአንድ ቃል ይስማማሉ። እንግዲህ ዋናው ቃል የትኛው ነው? ፊት የተነገረው ነውን፣ ወይስ ሸንጎው የተስማማበት? ይህን ጥያቄ ወደ ጥንታውያን ቅዱሳት መጻሕፍት ብናዞረው ብዙ ያስተምረናል።

ለምሳሌ መጽሐፈ ሄኖክን እንውሰድ። ይህ መጽሐፍ ሙሉ ሆኖ የተገኘው በግዕዝ ብቻ ነው። ጄምስ ብሩስ ከኢትዮጵያ ሦስት ቅጂዎች ይዞ በ1773 አውሮፓ ገባ (በዚህ ጽሑፍ ዓመታቱ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው)። የአውሮፓ ሊቃውንት መጽሐፉን በ108 ምዕራፍ ከፍለው ሲመረምሩት ከአንድ እጅ የወጣ አለመሆኑን ተረዱ፤ አምስት ታላላቅ ክፍሎችም ለዩበት። የመጨረሻው ምዕራፍማ ሌላ መጽሐፍ መሆኑን ራሱ እየተናገረ ይጀምራል።

ከዚህ የበለጠም አለ። ምዕራፍ 93 የዓለምን ዘመን በሳምንታት ከፍሎ ከመጀመሪያው እስከ ሰባተኛው ይቈጥራል። ከስምንተኛው እስከ አሥረኛው ያለው ግን አስቀድሞ በምዕራፍ 91 ተጽፏል። ቻርልስን የመሰሉ ሊቃውንት ቃሉ ቦታውን ለቋል ብለው ነበር፤ ማስረጃ ግን በእጃቸው አልነበረም። በ1952 በሙት ባሕር አጠገብ፣ በቁምራን ዋሻ፣ የአራማይክ ብጥስጣሾች ተገኙ፤ ሚሊክም በ1976 አሳተማቸው። በአንዱ ላይ ሰባተኛውን ሳምንት ስምንተኛው ተከትሎት ተገኘ። ግምቱ እውነት ሆነ።

ታዲያ «ዋናው ተገኘ» ልንል ነውን? አንችልም። ብጥስጣሾቹም ራሳቸው ግልባጮች ናቸው። ምሳሌዎች የተባለው ክፍል (ከምዕራፍ 37 እስከ 71) በመካከላቸው ጨርሶ አልተገኘም። ስለ ፀሐይና ጨረቃ የሚናገረው ክፍል ደግሞ በአራማይኩ ከግዕዙ ይረዝማል፤ በመንገድ ያሳጠረው አለ ማለት ነው። አሮጌ ቅጂ ስለ ቀደመ ብቻ መነሻ አይሆንም፤ ወደ መነሻው ያቀርባል እንጂ።

አንዳንዱ ተማሪ የአርታዒ እጅ ሲያይ መጽሐፉን ሐሰት ነው ብሎ ይጥላል፤ ሌላው እንዳይናወጥ ፈርቶ መመርመርን ይተዋል። ሁለቱም ተሳስተዋል። የጨመረውም፣ ያሳጠረውም፣ ያሸጋሸገውም ሰው ለዘመኑ ምስክር ነው። ማን፣ መቼ፣ ለምን ብሎ መጠየቅ ግን የእኛ ፈንታ ነው።

ይህ ለሩቁ ዘመን ብቻ የሚሆን ትምህርት አይደለም። ከመካከላችን ነገ ወደ ኦቾሎ ወርዶ የሽማግሌዎችን ትረካ የሚጽፍ አይጠፋም። የአንዱን ቃል ብቻ ጽፎ «ዋናው ይህ ነው» ካለ የቀሩትን አፋቸውን ዘጋ ማለት ነው። ስለዚህ ማን እንደ ተናገረ፣ በየትኛው ቀን እንደ ተናገረ፣ ሌላውም በምን እንደ ተለየ አብሮ ይጻፍ። የሄኖክን መጽሐፍ የገለበጡት ሰዎች ይህን ጽፈውልን ቢሆን ኖሮ ስንት ድካም በቀረልን ነበር!