የጀልባ ሽንት ቤት ታንከር እንዳይሸት

ጀልባዋ ውስጥ ገብተው ደረጃውን እንደወረዱ አፍንጫ የሚያሲዝ ሽታ ከተቀበለዎ፣ መጀመሪያ የሚያስፈልግዎ ከሱቅ የሚገዛ መድኃኒት አይደለም፤ ንጹህ ውኃና አየር ነው። በጀልባ ዕቃ መደብሮች የሚደረደረው ባለ ቀለም ፈሳሽ ብዙው ሽታውን በሌላ ሽታ ይሸፍናል እንጂ ምንጩን አይነካም። አንዳንዱማ ታንከሩ ውስጥ የሚጠቅመውን ባክቴሪያ ጭምር ይፈጀዋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ታንከሩ ውስጥ ያለው ቆሻሻ አየር ካገኘ፣ ኦክስጅን የሚወዱ ባክቴሪያዎች ያብላሉታል፤ ከዚያ የሚወጣው በአብዛኛው ሽታ የሌለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። አየር ካጣ ግን ሥራውን ሌሎች ባክቴሪያዎች ይረከቡታል። እነሱ የሚያመርቱት ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ነው፣ የተበላሸ እንቁላል የሚሸተው ጋዝ። ታንከሩን በዓመት አንዴ ደህና አድርጎ ማጠብ ብቻውን የማያዋጣው ለዚህ ነው፤ መተንፈሻው ከተደፈነ ሽታው ብዙም ሳይቆይ ይመለሳል።

እዚህ ሲያትል ዙሪያ ጀልባ የያዙ ወገኖች ሕጉን አስቀድመው ይወቁ። በአሜሪካ ጠረፍ እስከ 3 የባሕር ማይል (5.6 ኪሎ ሜትር ገደማ) ድረስ ያልታከመ የሽንት ቤት ፍሳሽ መልቀቅ ክልክል ነው። በፒዩጀት ሳውንድ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ የታከመውንም መልቀቅ ተከልክሏል፤ ሌክ ዋሽንግተንና ሌክ ዩኒየንም በዚሁ ክልል ውስጥ ናቸው። ሙቀቱ ሲመጣ ሱዋርድ ፓርክ ዳርቻ የሚዋኙት የሰፈራችን ልጆች ናቸው፤ ስለዚህ ይህ ሕግ ለእኔ ከወረቀት በላይ ነው። ጀልባዎ ላይ ፍሳሹን ወደ ውጭ የሚመራ ቫልቭ ካለ ዘግተው ይቆልፉት፣ ወይም በፕላስቲክ ማሰሪያ ጠርቀም አድርገው ይሰሩት። ታንከሩን ማስመጠጥ ነው እንጂ መድፋት የለም። እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣ የፌዴራል ሕግ ለማስመጠጫ ጣቢያዎች ገንዘብ ስለሚመድብ፣ በብዙ ማሪናዎች አገልግሎቱ በነጻ ወይም በጥቂት ዶላር ይገኛል።

ደረጃ 1፦ ራስን መጠበቅ

የጎማ ጓንትና የዓይን መከላከያ ያድርጉ፤ መስኮቱንም በሩንም ይክፈቱ። ሲጋራም ሆነ እሳት በአካባቢው አይኑር፤ ታንከሩ ሚቴንም ያመርታል። ከሁሉ በላይ የታንከሩን ክዳን ከፍተው ጭንቅላትዎን አያስገቡ። ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ሲበዛ አፍንጫን ያደነዝዛል፤ ሽታው ጠፋ ብለው ሲዘናጉ አደጋው የባሰበት ሰዓት ሊሆን ይችላል። ታንከር ውስጥ እጅ የሚያስገባ ሥራ ካለ ለባለሙያ ይተዉት።

ደረጃ 2፦ ማስመጠጥ፣ ማጠብ፣ ደግሞ ማስመጠጥ

የጀልባዋ ወለል ላይ የነዳጅ፣ የመጠጥ ውኃና የፍሳሽ ክዳኖች ተቀራርበው ይገኛሉ። «ዌስት» (WASTE፣ ፍሳሽ) የሚል የተጻፈበትን ሁለት ጊዜ አንብበው ይክፈቱ። ደረጃ 3 ላይ እንደተጻፈው መተንፈሻው ክፍት መሆኑን አስቀድመው ይፈትሹ። ከዚያ የጣቢያውን ቱቦ አፍ ክዳኑ በነበረበት ቀዳዳ ላይ ጥብቅ አድርገው ይግጠሙና ፓምፑን ያስነሱ። ቱቦው ላይ ያለችውን ማሳያ መስታወት ይከታተሉ፤ መጀመሪያ ጠቁሮ የሚያልፈው ፍሳሽ እየሳሳ ይመጣል።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ አቁሞ ይሄዳል። ወፍራሙ አተላ ግን ታንከሩ ወለል ላይ ተጋድሟል። ስለዚህ ፓምፑን አቁመው በዚያው ቀዳዳ 20 ሊትር ያህል ንጹህ ውኃ ይጨምሩ። ሁለት ሰው ሆነው ጀልባዋ ላይ ከግራ ወደ ቀኝ ጥቂት ቢመላለሱ ውኃው ታንከሩ ውስጥ ይናጣል። ከዚያ እንደገና ያስመጥጡ። በመስታወቷ የሚያልፈው ውኃ ጠርቶ እስኪታይ ይደጋግሙት። ወረፋ ካለ ከኋላዎ ላለው ሰው ነግረው በትዕግሥት ይጨርሱ፤ አተላው ከደረቀ በኋላ ማስለቀቅ ከዚህ እጅግ ይከብዳል። የታንከሩ ጌጅ ባዶ ሆኖ ሳለ «ሙሉ» የሚልብዎትም ብዙውን ጊዜ ወረቀትና አተላ ስለተጣበቀበት ነው። ይህ እጥበት ያላቅቀዋል።

ደረጃ 3፦ መተንፈሻው

ከሁሉም ደረጃ ይህን አጥብቄ የምለምንበት ምክንያት አለኝ፤ ችላ የሚባለው እሱ ነውና። ከታንከሩ አናት ተነሥቶ በጀልባዋ ጎን የሚወጣው ቀጭን ቱቦ ሁለት ሥራ አለው። ቆሻሻው ሲገባ አየር ያስወጣል፤ ሲመጠጥ ደግሞ አየር ያስገባል። ከተደፈነ ባክቴሪያው ያለ ኦክስጅን ይቀራል። በዚያ ላይ የጣቢያው ፓምፕ በሚስብበት ጊዜ ታንከሩ ወደ ውስጥ ሊሰረጎድ ወይም ሊሰነጠቅ ይችላል። ስለዚህ ከማስመጠጥዎ በፊት ይፈትሹት፦ አንድ ሰው ሽንት ቤቱን ፓምፕ ሲያደርግ እርስዎ መዳፍዎን ወደ ውጭው ቀዳዳ ያስጠጉ። ትንፋሽ ካልተሰማዎ ተደፍኗል።

የሚደፍነው ብዙ ነው። ታንከሩ ከልክ በላይ ሲሞላ፣ ወይም የሸራ ጀልባ ሲያዘነብል፣ ፍሳሹ ወደ ቱቦው ይገባና ይደርቅበታል። ነፍሳትም ጎጆ ይሠሩበታል። ቱቦው መሐሉ ላይ ከረገበ ውኃ ይጠራቀምበትና አየሩን ይዘጋል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ባስመጠጡ ቁጥር ታንከሩ ባዶ ሆኖ፣ የወለሉ ክዳንም እንደተከፈተ፣ ከውጭው ቀዳዳ በኩል በጎማ ውኃ ይልቀቁበት። ግፊቱ ዝግ ያለ ይሁን። ውኃው ታንከሩ ውስጥ ገብቶ ሲንዠቀዠቅ ከሰሙ መንገዱ ተከፍቷል፤ የገባውን ያስመጥጡት። ሽታ የሚያጣራ የከሰል ማጣሪያ ከተገጠመለት አስቀድመው ይንቀሉት፤ ከሰሉ ከረጠበ አየር አያሳልፍም።

ከፋብሪካ የሚመጣው የመተንፈሻ ቱቦ ብዙ ጊዜ 16 ወይም 19 ሚሊ ሜትር ስፋት አለው። ቱቦ የሚቀይሩበት ቀን ሲመጣ ወደ 25 ሚሊ ሜትር ያሳድጉት፤ አጭር፣ ቀጥ ያለና ከታንከሩ ወደ ላይ ብቻ የሚወጣ ይሁን። በእኔ አስተያየት ለታንከሩ ከሚወጣው ገንዘብ ሁሉ ከዚህ የተሻለ ዋጋ የሚሰጥ የለም።

ደረጃ 4፦ ድንጋዩን ማሟሟት

ሽንት ከባሕር ውኃ ጋር ሲገናኝ ማዕድኑ ይረጋና በቱቦው ውስጠኛ ግድግዳ ላይ ነጭ ድንጋይ ይጋገራል። የቆየ ቱቦ ቢቆርጡ ሰፊው ቀዳዳ ጠብቦ ጣት የማያሳልፍ ሆኖ ያገኙታል። ሌክ ዩኒየን ላይ ለሚቆም ጀልባ ይህ ብዙም አያሰጋም፤ ውኃው በአብዛኛው ጨው አልባ ነው። ባላርድ ያሉትን መዝጊያ በሮች አልፈው ወደ ሳውንድ የሚወጡ ግን ይጠንቀቁ።

በሳምንት አንድ ጊዜ 1 ሊትር ያህል ነጭ አቼቶ የሽንት ቤቱ ሳህን ውስጥ ያፍስሱና ቀስ እያሉ ፓምፕ ያድርጉት፣ በቱቦው ሙሉ ርዝመት እንዲያልፍ። ከዚያ በንጹህ ውኃ አስከትለው ያጥቡት፤ የጎማ ክፍሎቹ አቼቶ ውስጥ ተነክረው መክረም አይወዱም።

በረኪና አይጠቀሙ። ከአቼቶ ጋር ከተቀላቀለ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል፤ ከሽንት ጋር ሲገናኝም ሳንባ የሚጎዳ ጋዝ ይፈጥራል። ጠባብ የጀልባ ሽንት ቤት ውስጥ ሆኖ ይህን መተንፈስ ሰው ሆስፒታል ያስገባል። በረኪና የፓምፑንም ጎማ ያበላሻል።

ደረጃ 5፦ ጥፋቱ የቱቦው ይሆን?

ታንከሩ ታጥቦ፣ መተንፈሻው ተከፍቶም ሽታው ካለ ቱቦዎቹን ይጠርጥሩ። ጨርቅ በሙቅ ውኃ ነክረው ይጭመቁና በቱቦው ላይ ይጠቅልሉት። ሲቀዘቅዝ ጨርቁን ወስደው ያሽትቱ። ሽታው ጨርቁ ላይ ካለ ያ ቱቦ ሽታ አሳልፏል፤ የሚያድነው እጥበት የለም፣ ይቀየር። ለመጸዳጃ ተብሎ የተሠራውን ይግዙ፤ በየጫፉም ሁለት ሁለት ፋሼታ ይሰሩበት።

ደረጃ 6፦ የዕለት አጠቃቀም

ቱቦው ውስጥ ሰገራ እንዳያድር ማድረግ ዋናው ነገር ነው። 38 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ቱቦ በየሜትሩ ከ1 ሊትር ትንሽ የሚበልጥ ፈሳሽ ይይዛል። ከሽንት ቤቱ እስከ ታንከሩ 2 ሜትር ከሆነ፣ ሳህኑ ንጹህ ስለመሰለ ብቻ አያቁሙ፤ 2 ሊትር ተኩል ያህል ውኃ እስኪያልፍ ፓምፕ ያድርጉ። እንግዳ ሲመጣ ይህን በግልጽ ያስረዱት፣ ነውር የለውም። እርጥብ ማጽጃ ጨርቅ፣ ሞዴስና የምግብ ዘይት እንዳይገባ ይንገሩት። ሶፍት ከሆነ ቶሎ የሚበታተነው ይመረጥ፤ ለመፈተን ውኃ ያለበት ብርጭቆ ውስጥ ጨምረው ይወዝውዙት። ካልተበታተነ ለጀልባ አይሆንም።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ታንከሩ ውስጥ የሚጨመር ነገር ካስፈለገ ናይትሬት ያለበትን ይምረጡ፤ ኦክስጅን ሲጠፋ ባክቴሪያው በምትኩ ናይትሬቱን ስለሚጠቀም ሃይድሮጅን ሰልፋይድ እንዳይፈጠር ያግዛል። ፎርማልዲሃይድ ያለበትን ግን ይተዉት።

ደረጃ 7፦ ጀልባዋ ስትቆም

ለረጅም ጊዜ የሚያቆሟት ከሆነ ታንከሩ ታጥቦ ባዶ ይቆይ። ውኃ በረዶ የሚሆንበት አገር ካሉ በፓምፑና በቱቦው ፕሮፒሊን ግላይኮል ያለበትን ፀረ በረዶ ያሳልፉ። የመኪናው ኢትሊን ግላይኮል መርዝ ስለሆነ ለዚህ አይሆንም። በዓመት አንድ ጊዜ ከፓምፑ መውጫ ላይ ያለችውን፣ ፍሳሹ ተመልሶ እንዳይመጣ የምትይዘውን ከንፈር መሰል ጎማ ይቀይሩ፤ ዋጋዋ ትንሽ ነው፣ ስታረጅ ግን ሳህኑ ውስጥ ቡናማ ውኃ ተመልሶ ይታያል። የወለሉን ክዳን ከመዝጋትዎ በፊት የጎማ ቀለበቱ እንዳልተሰነጠቀ ያረጋግጡ፣ ሲሊኮን ቅባት ቀባ ያድርጉትና በእጅ ብቻ ያጥብቁት።