«ድሮ ባሕር ነበር» ስንል መቼ ነው?

መቀሌ አካባቢና ዓባይ በረሃ ውስጥ ካለው የኖራ ድንጋይ የዛጎል ቅርጽ ሲወጣ «እዚህ ድሮ ባሕር ነበር» ብለን እናልፋለን። «ድሮ» ግን መቼ ነው? የመቀሌው ድንጋይና የዓባዩ እኩያ ናቸው ወይስ አንዱ ታላቅ ነው? እኛ እጩ መምህራን ነገ ተመድበን ስንሄድ ይህን የሚጠይቅ ተማሪ አናጣም። የቄሱም ልጅ የሼሁም ልጅ «ይሄማ የኖኅ ውኃ ያመጣው ነው» ይለን ይሆናል። ልጁን «ዝም በል» ብሎ ማስቀመጥ ደግሞ ማስተማር አይደለም።

የመጀመሪያው ሕግ ቀላል ነው። መሶብ ውስጥ ከተደራረበው እንጀራ የታችኛው ቀድሞ የወጣው ነው። ከደለል የተሠራ አለትም፣ ካልተገለበጠ በስተቀር፣ እንዲሁ ነው። ችግሩ የሚመጣው ሁለቱ መሶቦች በተለያየ ቤት ሲሆኑ ነው። የመቀሌውን አንድ ንብብር ከዓባዩ ከየትኛው ጋር እናጣምረው? በቀለም እንዳንል ነጭ የኖራ ድንጋይ በየዘመኑ ተሠርቷል። ስለዚህ የሚፈለገው በውስጡ የተቀበረ ምልክት ነው።

ምልክት ሁሉ ግን እኩል አይጠቅምም። በአንድ የፈረሰ ቤት ወለል ውስጥ ማርትሬዛ ብር ብናገኝ ዘመኑን ለይተን አናውቅም፤ ማርትሬዛ 1780 የሚለውን የአውሮፓ ዓመት እንደያዘች እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ ስትቀረጽ የኖረች ናትና። 1969 ዓ.ም. የሚል ሳንቲም ካገኘን ግን ያ አፈር ከዚያ ዓመት በፊት እንዳልተከደነ እርግጠኞች ነን። ቅሪተ አካልም እንደዚሁ ነው። ብዙ ዘመን ሳይለወጥ የኖረ ፍጡር ማርትሬዛ ነው። የምንፈልገው ቶሎ የተለወጠ፣ በብዙ አገር የተሰራጨና በብዛት የሚገኝ ነው።

ደቂቅ ቅሪተ አካላት ከትልልቁ ዛጎል የሚበልጡት እዚህ ላይ ነው። ፎራሚኒፌራ የሚባሉት ባለ አንድ ሕዋስ ፍጥረታት ናቸው፤ ብዙዎቹ ከአንድ ሚሊሜትር ያነሰች ቤት ከኖራ ይሠራሉ። ሲሞቱ ቤታቸው ከባሕሩ ወለል ጭቃ ጋር ይቀራል። አንድ እፍኝ ድንጋይ በመቶና በሺህ የሚቆጠር ሊይዝ ይችላል። ኦጋዴን ውስጥ እንደተደረገው ለነዳጅና ለጋዝ ፍለጋ ጉድጓድ ሲቆፈር መሰርሰሪያው ትልቁን ዛጎል ያደቅቀዋል፤ ደቂቁ ግን ከስብርባሪው ጋር በደኅና ይወጣል። ድንጋዩ ለስላሳ ከሆነ በውኃ ተዘፍዝፎ በጥቅጥቅ ወንፊት ይታጠባል። ጠንካራው ተቆርጦ እስከ 0.03 ሚሊሜትር ይሳሳና ብርሃን ሲያሳልፍ በማይክሮስኮፕ ይታያል።

ወደ አገራችን እንምጣ። በ1860 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወደ መቅደላ የመጣው የጂኦሎጂ ባለሙያ ዊልያም ብላንፎርድ በመንገዱ ያየውን የኖራ ድንጋይ በአንታሎ ስም ጠራው። ዛሬም ስሙ ይኸው ነው። ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን ስንሻገር በዓባይ ገደል ላይ የምናየውም የአንታሎ የኖራ ድንጋይ ይባላል። ይህን ያሰኘው መልኩ ብቻ አይደለም፤ በሁለቱም ቦታ ኩርኑቢያ የተባለው ፎራሚኒፌራ ይገኛል። ይኸው ፍጡር በዐረብ ምድርና በፍልስጥኤም የኋለኛው ጁራሲክ ድንጋይ ውስጥም አለ። እንግዲህ ጥልቀት የሌለው ባሕር እስከ እኛ አገር ዘልቆ ነበር ማለት ነው፤ ዘመኑም ከ150 እስከ 160 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት።

ልብ እንበል፣ ኩርኑቢያ ዓመት አይቆጥርም፤ የሚነግረን ተራ ነው። የዓመቱ ቁጥር የሚገኘው በሌላ ቦታ ከደለሉ ጋር የተነባበረ የእሳተ ገሞራ አለት በራዲዮአክቲቭ ዘዴ ሲለካ ነው። ደግሞም ኩርኑቢያ የጠፋበት ንብብር ሁሉ የሌላ ዘመን ነው አይባልም። የውኃው ጥልቀት አልተስማማው ይሆናል። ስለዚህ ባለሙያዎች ከአሞናይትና ከሌሎች ቅሪቶች ጋር ያመሳክሩታል።

ለኖኅ ውኃው ጥያቄ የዓባይ ገደል ይበቃል። ከኖራው ድንጋይ ሥር የጀሶ ንብብር አለ፤ ጀሶ የሚረጋው ውኃ ሲተንን ነው። ከጀሶው በላይ የባሕሩ ኖራ፣ ከዚያ የጭቃና የአሸዋ ድንጋይ፣ በመጨረሻ ጥቁሩ ባዛልት ተነጥፏል። አንዴ የመጣ ጎርፍ ይህን ሁሉ በተራ አይደረድርም፤ ያደባልቀዋል እንጂ። የልጁን እምነት መንካት አያስፈልገንም። ሰሌዳው ላይ ገደሉን እንሣልለትና የቱ እንደሚቀድም እሱ ራሱ ይንገረን።

ታዲያ እዚህ ሐራስ? የሐራና የወልድያ ዙሪያ ጥቁር ድንጋይ ቀልጦ የፈሰሰ ስለሆነ ፎራሚኒፌራ አይፈለግበትም። የሰሜን ኢትዮጵያ ደጋ ባዛልት አብዛኛው 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው፤ ከአንታሎ ጋር ሲተያይ ሕፃን ነው። ተማሪ ከወንዝ ነጭ ድንጋይ ለቅሞ «ዛጎል ነው» ቢለን፣ ብዙውን ጊዜ በባዛልቱ ቀዳዳ ውስጥ በኋላ የረጋ ማዕድን ነው። ኮምጣጤ ጠብ አድርገንበት ቢፈላ እንኳ አንቸኩል። ካልሳይት የሚባለው ማዕድን በባዛልት ቀዳዳም ይረጋል፣ እሱም ይፈላል። መጀመሪያ ድንጋዩ ከየት እንደተነሳ ልጁን እንጠይቀው፤ ቀጥሎ በማጉያ መነጽር አብረን እንየው።