የውኃ ቆጣሪ

በአዲስ አበባ ከተማ አንዲት ባልቴት ከወንድ ልጅዋና ከአንዲት የቤት አገልጋይ ጋር ትኖር ነበር። በጥር ወር የመጣው የውኃ ሒሳብ ከወትሮው ከእጥፍ በላይ ስለ ሆነባት እጅግ ተቈጣች። «ውኃውን በከንቱ የምታፈሺው አንቺ ነሽ» ብላ ከአገልጋይዋ ደመወዝ ላይ ቀነሰችባት። ልጅቱ ቍጥር ስላልተማረች የምትከራከርበት አጥታ፥ አልቅሳ ዝም አለች።

ልጁ ግን በትምህርት ቤት ሒሳብ ተምሮ ነበርና ወረቀቱን ተቀብሎ አነበበ። ያለፈው ንባብ 412፥ ያሁኑ 435 ይላል። ትንሹን ከትልቁ ቢቀንስ 23 ሜትር ኩብ ሆነ። አንድ ሜትር ኩብ 1000 ሊትር ነው፤ ይኸውም ባለ 20 ሊትር ጄሪካን 50 ጊዜ ሲሞላ ማለት ነው። በከተማይቱም የውኃ ዋጋ በደረጃ የተከፈለ ስለ ሆነ፥ ፍጆታው በበዛ ቍጥር የአንዱ ሜትር ኩብ ዋጋ ከፍ እያለ ይሄዳል።

በማግስቱ ለመጠጥ፥ ለወጥ ቤት፥ ለገላና ለልብስ የተቀዳውን ሁሉ ከአገልጋይዋ ጋር ሲቈጥር ዋለ፤ 15 ጄሪካን ሆነ። ይህም በቀን 300 ሊትር፥ በ30 ቀን 9 ሜትር ኩብ ነው። እንግዲህ የቀረው 14 ሜትር ኩብ ወዴት ሄደ?

ከምሽቱ 3 ሰዓት ቧንቧውን ሁሉ ዘግቶ በቆጣሪው ላይ ያለውን ቍጥር ጻፈ። ጥቁሮቹ አኃዞች ሙሉውን ሜትር ኩብ፥ ቀዮቹ ከዚያ የሚያንሰውን ያመለክታሉና ቀዮቹን አጥብቆ ተመለከተ። ሌሊቱን ማንም ውኃ አልነካም። ከንጋቱ 11 ሰዓት ተነሥቶ ቢያይ ግን 160 ሊትር አልፎ ነበር! በ8 ሰዓት 160 ከሆነ በሰዓት 20፥ በቀን 480፥ በ30 ቀን 14,400 ሊትር ነው።

እናቲቱ በአጥሩ ጥግ የበቀለውን ጌሾ፥ በበጋ ሌላው ሁሉ ሲጠወልግ እርሱ ብቻ ስለሚለመልም፥ «የእግዚአብሔር በረከት» እያለች ለጎረቤት ታሳይ ነበር። ቧንቧውም የሚያልፈው በዚያው ሥር ነው። ቢቈፍሩት አፈሩ ጭቃ ሆኖ፥ የዛገውም ቧንቧ ተሰንጥቆ ተገኘ።

ውኃው በቆጣሪው ካለፈ በኋላ የፈሰሰ ነውና ሒሳቡን መክፈል አልቀረላትም። ቧንቧውን አስጠገነች። ከዚያም አገልጋይዋን ጠርታ፥ ይቅርታ ጠይቃ፥ የቀነሰችባትን ደመወዝ ቈጥራ ሰጠቻት። ልጅቱም ገንዘቡን ከተቀበለች በኋላ ወደ ልጁ ዘወር ብላ፥ «ቆጣሪውን ማንበብ ለእኔም አስተምረኝ» አለችው።