የንግድ ዕቃ ፎቶግራፍ፤ አነሣሡ፣ መሣሪያውና ጥንቃቄው

በገበያ የተገናኙ ሻጭና ገዢ ዕቃውን በመካከላቸው አድርገው ይነጋገራሉ። ገዢው ጨርቁን ይዳስሳል፤ ቆዳውን ያጥፋል፤ ቡናውን በመዳፉ ያፍሳል፤ ከዚያም በኋላ በዋጋው ይከራከራል። በሩቅ አገር ያለው ገዢ ግን ይህን ሊያደርግ አይችልም። ናሙናው እስኪደርሰው ድረስ የሚያየው ፎቶግራፉን ብቻ ነው። ስለዚህ የንግድ ዕቃ ፎቶግራፍ እንደ ጌጥ የሚቆጠር ሳይሆን የውሉ መግቢያ መሆኑን ነጋዴው ሁሉ ሊያስተውለው ይገባል። ፎቶግራፉ ከዕቃው ያነሰ ቢሆን ገዢ አይቀርብም፤ ከዕቃው የበለጠ ቢሆን ደግሞ ገዢው ዕቃውን ባየ ጊዜ ቅር ይሰኛል፤ ዋጋ ያስቀንሳል፣ ወይም ጨርሶ አልቀበልም ይላል። በዚህም ጊዜ የማጓጓዣው ወጪና የጠፋው መታመን በሻጩ ላይ ይወድቃል።

በአዲስ አበባ የፎቶግራፍ ሙያ የቆየ ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን የቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ ሆነው ሠርተዋል፤ ልጆቻቸው ሃይጋዝና ቶኒም የአባታቸውን ሙያ ቀጥለዋል። በፎቶግራፍ ቤት የሰውን መልክ የሚያነሣ ባለሙያ ፊትን አለስልሶና አሳምሮ ቢያቀርብ የሚጎዳ የለም። የንግድ ዕቃ የሚያነሣ ባለሙያ ግን ዕቃውን ጥርት አድርጎ ማሳየት እንጂ ያልሆነውን ማስመሰል ሥራው አይደለም። የሁለቱ ሙያ ልዩነት እዚህ ላይ ነው።

የሥራው ዋና ነገር ብርሃን ነው። በአውሮፓ የተጻፉ መጻሕፍት ወደ ሰሜን በሚከፈት መስኮት አጠገብ መሥራትን ይመክራሉ፤ በዚያ አገር ፀሐይ በቀትር ሁልጊዜ በደቡብ በኩል ስለምታልፍ የሰሜኑ ብርሃን የረጋ ነው። አዲስ አበባ ግን ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ያህል ብቻ ርቃ ስለምትገኝ ምክሩ ዓመቱን ሙሉ አይሠራም። ከሚያዝያ የመጀመሪያ ሳምንት ግድም እስከ ነሐሴ መጨረሻ ድረስ የቀትር ፀሐይ ከከተማይቱ በስተሰሜን ታልፋለች። በእነዚህ ወራት የደቡቡ መስኮት፣ በቀሩት ወራት ደግሞ የሰሜኑ መስኮት ይሻላል። በበጋ ቀትር ከቤት ውጭ ማንሣት አይመከርም፤ ከላይ የሚወርደው ብርሃን ጠንካራ ስለሆነ ጥላው ጠቁሮ የዕቃውን ዝርዝር ይሸፍናል። የክረምት ደመና ግን ብርሃኑን አለስልሶ ስለሚያወርደው ለዕቃ ፎቶግራፍ ይስማማል።

ከብርሃኑ ቀጥሎ የሚታሰበው ቀለም ነው። የተለመደው የቤት አምፖል ብርሃን ወደ ቢጫ ያደላል፤ መጠኑም 2,700 ኬልቪን ያህል ነው። የቀን ብርሃን 5,500 ኬልቪን ገደማ ሲሆን፣ የደመና ብርሃን ከዚህ በልጦ ወደ ሰማያዊ ያዘነብላል። የሰው ዓይን ልዩነቱን በራሱ ያስተካክላል፤ ካሜራ ግን ይሳሳታል። በመርካቶ ሱቅ ውስጥ ከበር የሚገባው የቀን ብርሃንና ከጣራው የሚወርደው የአምፖል ብርሃን በአንድ ዕቃ ላይ ሲገናኙ አንዱ ወገን ቢጫ፣ ሌላው ወገን ሰማያዊ ይሆናል፤ ይህንንም በኋላ ማረም እጅግ አስቸጋሪ ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፤ በመስኮት ብርሃን የሚሠራ ሰው አምፖሉን ያጥፋ። በመጀመሪያውም ፎቶግራፍ ላይ ግራጫ ካርድ ከዕቃው አጠገብ አስቀምጦ ያንሣ፤ የቀሩትን ፎቶግራፎች ቀለም በዚያ ለማስተካከል ይችላል። ይህ ለቡና ላኪ ትልቅ ቁም ነገር ነው። የታጠበ ጥሬ ቡና ወደ አረንጓዴና ሰማያዊ የሚያደላ መልክ አለው፤ በቢጫ ብርሃን ከተነሣ ግን ያረጀ ቡና መስሎ ይታያል፤ ገዢውም ያለ ጥፋቱ ይንቀዋል።

የካሜራው የብርሃን መለኪያ በተፈጥሮው ያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ለማምጣት የተሠራ ነው። ስለዚህ የሽሮ ሜዳ ነጭ ሸማ በመለኪያው ብቻ ቢነሣ አመድማ ይሆናል፤ ጥቁር ጫማም ወደ ግራጫ ይነጣል። ለነጭ ዕቃ ብርሃኑን ከመለኪያው አንድ ደረጃ ያህል መጨመር፣ ለጥቁር ዕቃ ደግሞ ያንኑ ያህል መቀነስ ያስፈልጋል። ነገር ግን ነጩ ከልክ በላይ ከበራ የፈትሉ መስመር ጨርሶ ይጠፋልና መጠኑን መጠበቅ ይገባል።

እያንዳንዱ ዕቃ የራሱ አነሣሥ አለው። ቆዳ ከፊት ለፊት ብርሃን ቢበራበት ጠባሳውና ቀዳዳው ይደበቃል፤ ከጎን ዝቅ ብሎ የሚመጣ ብርሃን ግን የገጹን ሸካራነትና ጉድለት ሁሉ ያወጣል። ሐቀኛ ላኪ ሁለቱንም ዓይነት ፎቶግራፍ ይልካል። የማር ወይም የዘይት ጠርሙስ ከኋላው አቡጀዲ ተወጥሮ ብርሃኑ በጨርቁ ውስጥ አልፎ ሲመጣ ጥራቱ ይታያል። የብርና የወርቅ ጌጥ እንደ መስተዋት በዙሪያው ያለውን ሁሉ ስለሚያሳይ በነጭ ጨርቅ መከለል አለበት፤ አለዚያ የአንሺው ጥላ በጌጡ ላይ ይቀረጻል።

ርቀትም ሊታሰብበት ይገባል። ካሜራው ለዕቃው በጣም ሲቀርብ ለሌንሱ የቀረበው ወገን ከልኩ በላይ ገዝፎ ይታያል። በስልክ ከቅርብ የተነሣ ትንሽ ሣጥን ትልቅ የሚመስለው ስለዚህ ነው። ባለሙያው ራቅ ብሎ ቆሞ ከ85 እስከ 100 ሚሊሜትር ባለው ሌንስ ያነሣል፤ በስልክ የሚሠራ ባለሱቅም ራቅ ብሎ በሁለት እጥፍ ማጉያ ቢያነሣ ስሕተቱ ይቀንሳል። ከፎቶግራፎቹም በአንዱ ላይ ማስመሪያ ከዕቃው ጎን ቢቀመጥ በመጠን የሚነሣ ክርክር አይኖርም።

ስለ መሣሪያው ሲነገር፣ ባለሙያው ካሜራ፣ ሁለት ሌንስ፣ ሁለት መብራት፣ ባለ ሦስት እግር ማቆሚያና ነጭ የጀርባ ወረቀት ይዞ ይመጣል። ዕቃው ከፊት እስከ ኋላ ጥርት ብሎ እንዲታይ የሌንሱን ቀዳዳ ወደ ቁጥር 8 ወይም 11 ያጠብበዋል፤ ቀዳዳው ሲጠብ የሚገባው ብርሃን ስለሚቀንስ መዝጊያው ቆይቶ መዘጋት አለበት፤ ካሜራው እንዳይንቀሳቀስም ማቆሚያው ግድ ነው። ትንሽ መብራት ከ1 ሜትር ወደ 2 ሜትር ቢርቅ በዕቃው ላይ የሚያርፈው ብርሃን ወደ አንድ አራተኛ ይወርዳል። አነስተኛ ሱቅ ያለው ነጋዴ ግን በመስኮት፣ በነጭ ካርቶንና በአቡጀዲ ብቻ መልካም ሥራ ሊሠራ ይችላል፤ ካርቶኑ ከመስኮቱ ትይዩ ሲቆም ብርሃኑን መልሶ ጥላውን ያቀለዋል።

አስመጪም ከዚህ ሙያ ተጠቃሚ ነው። ኮንቴይነር ሲደርስ ከመከፈቱ በፊት ቁጥሩና ማሸጊያው፣ ከተከፈተ በኋላ የዕቃው አደራደር፣ ጉዳትም ካለ የተጎዳው ካርቶን ከነምልክቱ በቅደም ተከተል ቢነሣ፣ በኋላ ለመድን ካሣ ጥያቄ ጽኑ ማስረጃ ይሆናል። እነዚህ ፎቶግራፎች ሳይነኩ ከነቀናቸው መቀመጥ አለባቸው።

ነጋዴው ከባለሙያው ጋር ሲስማማ የፎቶግራፉን ብዛት፣ ዋጋውን፣ የሚረከብበትን ቀንና የመጠቀም መብቱ የማን እንደሚሆን በጽሑፍ ያስፍር። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 ፎቶግራፍንም ጥበቃ ከሚደረግላቸው ሥራዎች ውስጥ ስለሚቆጥር፣ የሌላውን ነጋዴ ፎቶግራፍ ወስዶ የራስ ዕቃ አስመስሎ ማቅረብ በሕግ ያስጠይቃል። በ2004 ዓ.ም. የወጣውም የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759 ማስታወቂያ እውነተኛና የማያሳስት እንዲሆን ደንግጓል።

አቧራን ማራገፍ፣ የጨርቅን ጭምታሪ መተኰስ፣ የተዛባ ቀለምን ወደ እውነተኛው መመለስ የተገባ ሥራ ነው። ጠባሳን መሰረዝ፣ ያልሆነ ቀለም መቀባት፣ ከምርጡ አንዱን አንሥቶ መናኛውን መላክ ግን ማታለል ነው። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» እንደሚባለው፣ ጭነቱ በተከፈተ ቀን ፎቶግራፉና ዕቃው ጎን ለጎን ይቆማሉ። ሁለቱ አንድ ሆነው የተገኙለት ነጋዴ ሁለተኛ ትእዛዝ ለመቀበል ሌላ ማስታወቂያ አያስፈልገውም።