አርቪህን ለብርዱ ወራት ስታቆም

ልጄ፣ በዚህ በኮሎራዶ አርቪ (መኝታና ኩሽና ያለው የጉዞ መኪና) የገዛ ሰው በጋውን ቤተሰቡን ይዞ ከተራራ ተራራ ሲዞርበት ይከርምና፣ በረዶው ሲመጣ ግቢ አቁሞ ይረሳዋል። ባትሪን ደግሞ ከሥራ ይልቅ የሚገድለው ተረስቶ መቀመጡ ነው። ደክመህ ባገኘኸው ገንዘብ የገዛኸው ዕቃ ነውና የምልህን ልብ በል።

1. ምን እንደያዝክ እወቅ። ሞተር የሚያስነሳው ባትሪ ሌላ ነው፤ ለመብራቱና ለውሃ ፓምፑ ኃይል የሚሰጠው ሌላ። ይኸኛው ሊድ አሲድ ወይም ሊቲየም ሊሆን ይችላል፤ አያያዛቸውም ለየቅል ነው።

2. ሊድ አሲዱን ሳትሞላ አታቁም። ከሁሉም አጥብቄ የምለምንህ ይህንን ነው። ባትሪው ሙሉ ሲሆን ውስጡ ያለው አሲድ ጠንካራ ስለሆነ የዴንቨር ብርድ በረዶ አያደርገውም። ሲራቆት ግን አሲዱ ወደ ውሃነት ይጠጋል፤ ብርዱ ከዜሮ በታች ጥቂት ዲግሪ እንደወረደ ይረጋና ሳጥኑን ይሰነጥቀዋል። ጎኑ አብጦ ካየኸው ቻርጀር እንዳታስገባበት፣ ሊፈነዳ ይችላል። ከቻርጀር አላቀህ ጥቂት ሰዓት ካሳረፍከው በኋላ በቴስተር ለካው፦ 12.6 ወይም 12.7 ቮልት ካሳየህ ሙሉ ነው፤ 12.2 ገደማ ከሆነ ግማሹ አልቋል። ከ12.4 በታች ከወረደ ሳትውል ሳታድር ሙላው። ጎድሎ በቆየ ቁጥር ውስጡ ባሉት ሰሌዳዎች ላይ ሰልፌት ይጋገራል፤ አንዴ ከጠጠረ በቻርጀር አይለቅም።

3. መብራት ማጥፋት ብቻውን አይበቃም። የጋዝ ጠቋሚውና የሬዲዮው ሰዓት ሌት ተቀን ኃይል ይወስዳሉ። ስለዚህ የባትሪውን ገመድ ፍታ፤ ስትፈታ ኔጌቲቩ ይቅደም፣ ስትገጥም ኔጌቲቩ መጨረሻ ይሁን። ውስጡ የሚያድር ሰው ካለ ግን ጠቋሚውን በፍጹም እንዳታጠፋ።

4. ክዳኑ የሚከፈት ባትሪ ከሆነ ውሃውን እይ። የሚጨመርበት የባትሪ ውሃ ብቻ ነው፣ የቧንቧ አይሆንም። የሚጨመረውም ቻርጅ ከተደረገ በኋላ ነው። ሰሌዳዎቹ ከውሃው በላይ ከታዩህ ግን መጀመሪያ እስኪሸፈኑ ድረስ ብቻ ጨምርና ከዚያ ቻርጅ አድርገው። መነጽርና ጓንት አድርግ። ቻርጅ ሲደረግ ሃይድሮጅን ይወጣልና ቦታው አየር ያግኝ፤ እሳትም ሲጋራም አጠገቡ አይድረስ።

5. ሊቲየም ከሆነ ከ0 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ቻርጅ አታድርገው፤ የራሱ ማሞቂያ ከሌለው ውስጡ ተበላሽቶ ይቀራል። እስከ ጫፍ አትሙላው፣ ባዶም አታስቀምጠው። ግማሽ ወይም ትንሽ ከፍ ያለ ይበቃዋል።

6. ሲሚንቶ ላይ የተቀመጠ ባትሪ ይሞታል የሚሉህን አትስማ። የዛሬ ባትሪ ሳጥኑ ፕላስቲክ ስለሆነ ወለሉ አይጎዳውም።

7. በወር አንድ ቀን ሄደህ ለካው። ቀኑን አሁኑኑ ስልክህ ላይ መዝግብ።