ቤተ ክርስቲያን ያልታሰበላት ከተማ

አንዳንድ ካህናት ወንድሞቻችን በሲሚንቶና በብረት የሚሠሩትን፥ መልካቸው ያልተለመደውን አብያተ ክርስቲያናት አይተው፥ «ይህ ቤተ ክርስቲያን ነውን ወይስ አዳራሽ?» እያሉ ይጠይቁናል። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። እኛ ግን ከክርክሩ በፊት በፖላንድ አገር የሆነውን ነገር ልንተርክ ወደድን፤ ዓመቶቹንም እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር እንጽፋለን።

በ1949 ዓ.ም. የፖላንድ ኮሙኒስት መንግሥት በክራኮው አጠገብ ስለ ብረት ፋብሪካው ኖቫ ሁታ የምትባል አዲስ ከተማ ቈረቈረ። ለሠራተኞቹ መኖሪያው፥ ትምህርት ቤቱ፥ ሐኪም ቤቱ፥ ቲያትር ቤቱ ሁሉ ታቀደ፤ ቤተ ክርስቲያን ግን አልታቀደም። ይህም ተረስቶ ሳይሆን ሆን ተብሎ የተደረገ ነው። ይሁን እንጂ የሚበዙት ሠራተኞች እምነታቸውን ይዘው ከገጠር የመጡ ነበሩ። ከ1956 ዓ.ም. በኋላ የመንግሥቱ እጅ ጥቂት ስለ ላላ ፈቃድ ተሰጠ፤ በ1957 ዓ.ም.ም በቦታው ላይ የእንጨት መስቀል ተተከለ። ፈቃዱ ግን ተመልሶ ተነጠቀ። አፕሪል 27 ቀን 1960 ዓ.ም. መስቀሉን የሚነቅሉ ሰዎች በመጡ ጊዜ አስቀድመው የተከላከሉት ሴቶች ናቸው፤ ከዚያም ከፖሊስ ጋር ብርቱ ግጭት ሆነ፥ ብዙዎችም ቈሰሉ፥ ታሰሩም። መስቀሉ ግን በቦታው ቀረ።

ለመሥራት የተፈቀደው በ1967 ዓ.ም. ነው፤ ያውም በሌላ ሰፈር፥ በቢየንቺትሴ። በዚያ ስፍራ ካርዲናል ካሮል ቮይቲዋ ገና ጳጳስ ሳሉ፥ ከ1959 ዓ.ም. ጀምሮ የልደትን ሌሊት ቅዳሴ በብርድ ሜዳ ላይ ይቀድሱ ነበር። መሐንዲሱ ቮይቼክ ፒየትሺክ ሕንፃውን በመርከብ አምሳል ነደፈው፤ በላዩም እንደ ምሰሶ ከፍ ያለ መስቀል አቆመበት። ስሙም «የጌታ ታቦት» ተባለ። በግእዙ ኦሪት የኖኅም መርከብ ታቦት መባሉን ለሚያውቅ አንባቢ ይህ ስም እንግዳ አይሆንበትም። በ1969 ዓ.ም. የተቀመጠው የመሠረት ድንጋይ ከሮም፥ ከቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን የመጣ ነው። ቅዳሴ ቤቱም ሜይ 15 ቀን 1977 ዓ.ም. በዚያው ካርዲናል እጅ ተከበረ፤ እርሳቸውም በማግሥቱ ዓመት ዮሐንስ ጳውሎስ ሁለተኛ ተብለው የሮም ፓፓ ሆኑ።

ነቀፋችንንም አንሸሽግም። በውስጡ ያለው፥ ብሮኒስዋቭ ክሮሚ የቀረጸው ትልቅ የስቅለት ምስል ከመስቀሉ ተነሥቶ የሚበር ይመስላል፤ የእኛን ሥዕለ ስቅለት ለለመደ ዓይን ይከብዳል። ቅኔ ማኅሌት፥ ቅድስትና መቅደስ ብለን የምንለይ እኛ ደግሞ እንዲህ ያለውን ሕንፃ ለራሳችን አንሠራም።

ወደ ግድግዳው ስንመለከት ግን ነገሩ ሌላ ነው። ውጭውን ያለበሱት ወደ ሁለት ሚልዮን የሚጠጉ የወንዝ ጠጠሮች ናቸው። መንግሥቱ ፈቃድ እንጂ እገዛ ስላልሰጠ፥ ብዙውን ሥራ በነፃ የሠሩት ምእመናን ናቸው፤ ዐሥር ዓመትም ፈጀባቸው። በአገራችን ቤተ ክርስቲያን ሲሠራ እናቶች ድንጋይና ውኃ ተሸክመው ዳገቱን ሲወጡ ያየ ሁሉ የዚያን ግድግዳ አሠራር ሳይነገረው ያውቀዋል።